የክለብ ሥራ ቃለ መጠይቅ በወሎ፦ ከማስታወቂያው እስከ ፊርማው

ደሴ ላይ የክለብ ሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ ወሬው ከወረቀቱ ይቀድማል። ሆጤ ስታዲየም አካባቢ ቡና የሚጠጣው ሁሉ ቀድሞ ሰምቷል። አመልካቹ ይበዛል። ከአመልካቹ ደግሞ ብዙው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ኳስ የሚወድ፣ ጨዋታ የማያመልጠው፣ የአርሴናልንም የጊዮርጊስንም አሰላለፍ በቃሉ የሚወጣ።

ጠያቂዎቹ ግን የተሰበሰቡት ኳስ ወዳድ አጥተው አይደለም። እሱማ በየሰፈሩ ሞልቷል። የቸገራቸው የጉዞ አበል በጊዜ የሚያወራርድ፣ የተጫዋች ጉዳት በትክክል የሚመዘግብ፣ ጨዋታው ባለቀ በግማሽ ሰዓት ዜና ጽፎ የሚለጥፍ ሰው ነው። ቃለ መጠይቁን የሚያልፈው ፍቅሩን የሚተርክ ሳይሆን ከክለቡ ራስ ምታት አንዱን የሚያቀልል ሰው ነው። ከዚህ በታች ያለውን በዚህ ዓይን አንብቡት።

የምጽፈው ለተጫዋች ሙከራ አይደለም። ለወጌሻ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለሕዝብ ግንኙነት፣ ለትጥቅ ኃላፊ፣ ለቪዲዮ ተንታኝ፣ ለቢሮ ጸሐፊ፣ ለታዳጊ ቡድን አሰልጣኝ ነው። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም ብታመለክቱ፣ ከወሎ ተነስታችሁ ባህር ዳር ወይ አዲስ አበባ ብትሞክሩም ነገሩ ያው ነው።

1. የሚቀጥራችሁን እወቁት

የአገራችን ክለቦች አብዛኞቹ በትኬት ሽያጭ አይኖሩም። ስማቸው ላይ «ከተማ» የሚል ያለባቸው በአብዛኛው የከተማ አስተዳደሩን በጀት ይዘው ነው የሚንቀሳቀሱት። ሌሎቹ የባንክ፣ የመከላከያ ወይም የድርጅት ናቸው። ስለዚህ ፊታችሁ የሚቀመጠው ኮሚቴ የኳስ ሰዎች ብቻ ያሉበት አይደለም። ከሥራ አስኪያጁ ጎን ከስፖርት ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው ሊኖር ይችላል። የሰው ሀብት ባለሙያም ይኖራል፤ እሱ ነጥብ መስጫ ቅጹን ይዞ ይጽፋል እንጂ ብዙም አያወራም። ለሱም መልሱ። ዓይናችሁን አሰልጣኙ ላይ ብቻ ተክላችሁ አትቅሩ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ውድድሩ ደግሞ መስከረም ወይ ጥቅምት ላይ ተከፍቶ ክረምት መግቢያ ላይ ይዘጋል። እናም ቅጥሩ፣ ዝውውሩ፣ የትጥቅ ግዥው፣ ዝግጅቱ ሁሉም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይደራረባል። በዚያ ሰሞን የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ችኮላ አያጣውም። ሥራ አስኪያጁ እናንተ መሀል ላይ ሆናችሁ ስልክ ሊያነሳ ይችላል። አትቀየሙ። ሲጨርስ ካቆማችሁበት በአንድ ዓረፍተ ነገር አስታውሳችሁ ቀጥሉ። ይህን በእርጋታ የሚያደርግ ሰው የክለብ ቢሮ ትርምስ እንደማይረብሸው ሳይናገር አሳየ ማለት ነው።

ሌላው የውድድሩ አካሄድ ነው። ከ2013 የውድድር ዘመን ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ሀዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ባህር ዳር፣ ጅማ። የዲኤስቲቪ ስርጭትም የተጀመረው ያኔ ነው። ከታች ያሉት ሊጎችም አንድ ከተማ ላይ ተሰባስበው የሚጫወቱበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ለእናንተ ሁለት ነገር ማለት ነው። አንደኛ፣ ከቡድኑ ጋር የምትጓዙ ከሆነ ለሳምንታት ሆቴል ነዋሪ ናችሁ። ሁለተኛ፣ ክለቡ በሜዳው ካልተጫወተ የመግቢያ ገቢ የለውም። ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ባለ 25 ሺህ መቀመጫ ስታዲየም ቢኖርም ጨዋታው ሌላ ከተማ ከሆነ ወንበሩ ባዶ ነው። ለገቢ ማሰባሰብ ወይም ለማርኬቲንግ የምትወዳደሩ ሰዎች ይህን ሳታውቁ «ትኬት በኦንላይን እንሸጣለን» ብላችሁ ከገባችሁ ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

አንድ ልጨምር። ካፍ፣ ማለትም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ለክለቦች ፈቃድ ሲሰጥ በአምስት ዘርፎች ይመዝናል፤ ስፖርታዊ፣ መሠረተ ልማት፣ የሰው ኃይልና አስተዳደር፣ ሕግ፣ ፋይናንስ። የምትወዳደሩበት መደብ ከአምስቱ የትኛው ውስጥ እንደሚወድቅ ለዩ። የሚዲያ ሠራተኛም፣ የሕክምና ባለሙያም፣ የሒሳብ ሰውም በዚህ መመዘኛ ውስጥ ስማቸው አለ። «ይህ መደብ ለክለብ ፈቃድም ያስፈልጋል» ብላችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ ቦታው ለምን እንደተከፈተ ገብቷችኋል።

2. ወረቀቱን ጨርሱት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ኦሪጅናልና ኮፒ ያዙ። የግል ድርጅት የሥራ ልምድ ከሆነ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ከቀድሞ ቀጣሪያችሁ አስቀድማችሁ አጽፉ። ማስታወቂያው የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ከጠየቀ እሱን አትርሱ። ገንዘብ ወይም ንብረት የሚያዝበት መደብ ከሆነ ተያዥ ሊጠየቅ ይችላል። ዋስ የሚሆናችሁን ሰው አሁኑኑ አናግሩት። «እንዴ መቼ ነገርከኝ?» የሚባለው ሁልጊዜ በፊርማው ዋዜማ ነው።

በ2014ቱ ጦርነት ሰነዱ የተቃጠለበት ወይም የተዘረፈበት ሰው ወሎ ውስጥ ጥቂት አይደለም። ከተማራችሁበት ተቋም ምትክ ወይም የማረጋገጫ ደብዳቤ ጠይቁ። ማመልከቻው ላይ ደግሞ በአንድ መስመር ግለጹት። ኮሚቴው ይህን ታሪክ ከእናንተ ባልተናነሰ ያውቀዋል።

ኳስ ውስጥ በበጎ ፈቃድ የሠራችሁት ካለ ሲቪው ላይ ይግባ። የሰፈር ውድድር አዘጋጅታችኋል? የዩኒቨርሲቲ ቡድን ሒሳብ ይዛችኋል? የደጋፊ ማኅበር ገጽ ታስተዳድራላችሁ? ይጻፍ፤ ከነማስረጃው። «የክረምት ታዳጊ ውድድር፣ 12 ቡድን፣ የጨዋታ ፕሮግራም ያወጣሁት እኔ» የሚል አንድ መስመር «ለስፖርት ከፍተኛ ፍቅር አለኝ» ከሚል አንቀጽ ይበልጣል።

3. አንድ ሳምንት ክለቡን አጥኑ

ታሪኩን ሳይሆን ያለፈውን አንድ ዓመት። ታሪኩ አያስፈልግም አይደለም። ወልድያ ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ መውረዱን፣ ደሴ ከተማና የኮምቦልቻ ቡድን ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ባለው ከፍተኛ ሊግ ላይ መጫወታቸውን የማያውቅ ሰው ወሎ ላይ ቃለ መጠይቅ ባይገባ ይሻለዋል። ግን ይህን ሁሉም አመልካች ያውቀዋል።

እናንተ የሚከተለውን ፈልጉ። ክለቡ አሁን በየትኛው ሊግና ምድብ ነው? አሰልጣኙ መቼ ተቀጠረ? ባለፈው ዓመት ስንት ጨዋታ በሜዳው ተጫወተ? የፌስቡክና የቴሌግራም ገጹ ላይ መጨረሻ የተለጠፈው መቼ ነው? የማሊያ ስፖንሰር አለው? የሴቶችና የታዳጊ ቡድንስ? ልምምዱ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ሄዳችሁ እዩ። ዳር ቁሙና ኳሱን ትታችሁ ሰዎቹን ተመልከቱ። ውሃ የሚያድለው ማነው? ኮኑን የሚሰበስበው ማነው? ተጫዋች ሲወድቅ ማን ይሮጣል፣ ቦርሳው ውስጥስ ምን አለ? አንድ ልምምድ እንዲህ ያየ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያወራው አያጣም።

ከቻላችሁ በክለቡ ውስጥ የሚሠራ ሰው ቡና ጋብዙ። ወሎ ነን፤ ሦስተኛው ስኒ ላይ የማይወጣ ነገር የለም። የምትጠይቁት ግን የቃለ መጠይቁን ጥያቄ አይደለም፤ ያ ነውር ነው፣ ሰውየውንም ያስጠይቃል። «በሥራችሁ በጣም የሚያስቸግረው ምንድን ነው?» በሉት። መልሱን ይዛችሁ ቤት ሂዱና መፍትሔ አስቡበት።

4. እንደ መደባችሁ ተዘጋጁ

ወጌሻ ወይም ፊዚዮ ከሆናችሁ ተግባር ይኖራል ብላችሁ ግቡ። ቁርጭምጭሚቱን ወለም ያለው ተጫዋች አለ ተብሎ ፋሻ ይሰጣችኋል። እጃችሁ ላይ ብቻ አታተኩሩ፤ እየጠቀለላችሁ ተናገሩ። የት ጋ እንደሚያመው ጠይቃችሁ፣ አጥንቱን ነክታችሁ፣ እግሩን ረግጦ መራመድ ይችል እንደሆነ አይታችሁ፣ ስብራት ከጠረጠራችሁ ለራጅ እንደምትልኩ ንገሯቸው። ከዚያ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። «ተጫዋቹ ጭንቅላቱን ተመትቶ ለአፍታ ራሱን ሳተ። አሁን ደህና ነኝ ይላል። አሰልጣኙ አስገባው ይላል። ምን ታደርጋለህ?» መልሱ አንድ ነው፤ በዚያ ቀን አይመለስም። ማመንታት ካሳያችሁ ነጥቡ ሄደ። «ከአሰልጣኙ ጋር ተመካክሬ…» የሚለው ጨዋነት እዚህ ላይ አይሠራም።

ወሎ ላይ ሌላም ጥያቄ ጠብቁ፤ ጾም። ቡድኑ ውስጥ ረመዳን የሚጾምም፣ ዐቢይ ጾም የሚጾምም አለ፤ አንዳንድ ዓመት ሁለቱ ይገጣጠማሉ። «ታዲያ ልምምዱንና ምግቡን እንዴት ታስተካክላለህ?» ቢሏችሁ «የግል እምነት ነው፣ አልገባበትም» ማለት መሸሽ ነው። እንዲህ አስቡት። በረመዳን ከባዱ ልምምድ ወደ ማምሻው ይጠጋል፤ ሲያልቅ አፍጥር እንዲደርስ። ውሃው በአንዴ አይጠጣም፤ ከአፍጥር እስከ ሱሁር ተከፋፍሎ ይወሰዳል። ሱሁር ላይ ቶሎ የማይፈጭ፣ ሆድ የሚይዝ ምግብ ይመረጣል። የክርስቲያኑ ጾም ደግሞ ሥጋና ወተት ስለሌለው ጥያቄው ፕሮቲን ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ በመጠን ይጨመራል፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም ተጠይቆ የልምምዱ ሰዓት ከዚያ ጋር ይታያል። ሁለቱንም ወገን በስማቸው ሳትለዩ፣ ማንንም ሳታሳፍሩ፣ ከምግብ አብሳዩ ጋር እንደምትነጋገሩ ጨምሩበት። ይህን መልስ ደሴ ላይ በደንብ የሰጠ ሰው ከሌላው አመልካች በብዙ ይቀድማል።

የሒሳብ ወይም የአስተዳደር ሰው ከሆናችሁ ፈተናው ጉዞ ነው። «ቡድኑ ከደሴ ሀዋሳ ይሄዳል። 28 ሰው ነው። ዕቅድና በጀት አውጣ» ይላል ወረቀቱ። ብዙው ሰው ወዲያው ብር ማባዛት ይጀምራል። ቆይ! መንገዱን አስቀድሙ። ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ደግሞ 275 አካባቢ። ይህን በአንድ ቀን አስኪዳችሁ በማግስቱ ጨዋታ ካደረጋችሁ የበጀት ሰነዱ ያማረ፣ ቡድኑ ግን የተሸነፈ ነው። መሀል ላይ አዳር አስገቡ። ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው የጣርማ በር መንገድ ቢዘጋስ? ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ አድርጎ አዳማ የሚያወጣው መንገድ አለ፤ ይሞቃል፣ ይረዝማል፣ ነዳጁም ይጨምራል። ይህን በአንድ መስመር «አማራጭ» ብላችሁ ጻፉት። ከዚያ ውሎ አበል፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ነዳጅ፣ መጠባበቂያ። መጨረሻ ላይ ቅድሚያ ክፍያው በማን ስም እንደሚወጣና በምን ያህል ቀን እንደሚወራረድ። ያልተወራረደ ሒሳብ የሚያስቸግረው ክለብ ብዙ ነው፤ ያቺ የመጨረሻ መስመር ትልቅ ዋጋ አላት።

የአስተዳደር ሰው የፊፋን የዝውውር ደንብ ዋና ዋናውን ቢይዝ መልካም ነው። የተጫዋች ውል ቢበዛ 5 ዓመት ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ 3። ክለቡ የሁለት ወር ደሞዝ ያለ አግባብ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹም በጽሑፍ አስጠንቅቆ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ ካልተከፈለው፣ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አለው። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ውጭ ክለብ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ይህ የመጨረሻው ለወሎ ክለቦች ቀልድ አይደለም። ከዚህ የወጣ ልጅ ነገ ከአዲስ አበባ ክለብ ወደ ውጭ ቢሸጥ፣ የታዳጊነት ምዝገባው በሥርዓት የተያዘለት ክለብ ድርሻውን ይጠይቃል፤ ያልያዘው ዜናውን በሬዲዮ ይሰማል። «የታዳጊዎችን ምዝገባ በሥርዓት እይዛለሁ» ስትሉ ምክንያታችሁ ይህ መሆኑን ንገሯቸው።

ለሕዝብ ግንኙነት የምትወዳደሩ፣ የጨዋታ ዘገባ በ20 ደቂቃ መጻፍ ተለማመዱ። ውጤቱ መጀመሪያ መስመር ላይ ይሁን። ጎል ያገባውና ደቂቃው ይከተሉ። «እልህ አስጨራሽ» እና «አጓጊ» የሚሉትን ለሬዲዮ ኮሜንታተር ተዉለት። ሦስት ናሙና አትማችሁ ያዙ፤ ከሦስቱ አንዱ ቡድኑ የተሸነፈበት ይሁን። የሽንፈት ዜና አጻጻፍ ነው ባለሙያውን ከደጋፊ የሚለየው።

ቪዲዮ ተንታኝ ነኝ የምትሉ ላፕቶፕ ይዛችሁ ግቡ። ኪኖቪያን በመሰለ ነጻ ሶፍትዌርም ቢሆን የሠራችሁት ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይበቃል። ለምሳሌ ቡድኑ የቆመ ኳስ ሲከላከል የት ጋ ክፍተት እንደሚተው። ሁለት ደቂቃ አልኩ፤ አሥር ደቂቃ የሚያይ አሰልጣኝ የለም። ኢንተርኔት ላይ አታስቀምጡት፤ ፍላሽ ላይ ይሁን፣ መብራት ሊጠፋም ስለሚችል ባትሪው ሙሉ ይሁን።

የታዳጊ አሰልጣኞች የካፍ ላይሰንሳችሁን ደረጃ (ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ) በግልጽ ተናገሩ። የሌላችሁን «በሂደት ላይ ነው» አትበሉ፤ ፌዴሬሽን መደወል ቀላል ነው።

የትጥቅ ኃላፊነት ከውጭ ሲታይ ተራ ይመስላል። አይደለም። የኳስ ክብደት ከ410 እስከ 450 ግራም፣ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር መሆኑን፣ ሞዴል 19 የንብረት ገቢ፣ ሞዴል 22 የንብረት ወጪ ቅጽ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንደሚመረጥ እወቁ። የበረኛው ማሊያ ከተጋጣሚውም፣ ከዳኛውም፣ ከራሱ ቡድንም መለየት አለበት፤ ሦስት ቀለም ይዞ መጓዝ የትጥቅ ኃላፊው ፋንታ ነው።

5. የቀጠሮው ቀን

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ግን መሀል ላይ የሐረጎ ዳገት አለ። ጠዋት ጉም ሲይዘው ሚኒባሱ እንደ ሰርገኛ ነው የሚሄደው። ቀጠሮው 3 ሰዓት ከሆነ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ጃኬት ያዙ፤ ኮምቦልቻ ላይ ያልበረዳችሁ ደሴ ላይ እየተንቀጠቀጣችሁ መልስ ትሰጣላችሁ።

ማሊያ አትልበሱ። የክለቡንም ቢሆን። ንጹሕ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ ይበቃል። ተግባር ፈተና ያለው ወጌሻ ወይም አሰልጣኝ ቱታና ስኒከር በቦርሳ ይያዝ።

ቀጠሮው ዓርብ ቀትር ላይ ቢሆንና ጁምዓ የምትሰግዱ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ ሰዓት እንዲቀየር ጠይቁ። በጨዋነት ከተጠየቀ የሚቀየም የለም። ቀኑ ሲደርስ ብቻ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው።

ስትገቡ ሰላምታውን አታንዛዙ። ከመሀላቸው አባታችሁን የሚያውቅ ቢኖር እንኳ «ጋሼ እንደምን ከረሙ» ብላችሁ እጅ ንሱና ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሁሉም «እርስዎ» ነው፤ የሰፈራችሁ ልጅ ሥራ አስኪያጅ ቢሆንም።

6. የሚያንገዳግዱት ጥያቄዎች

«የማን ደጋፊ ነህ?» ፈገግ ብለው ነው የሚጠይቁት። «የእናንተ ነኛ! ከልጅነቴ ጀምሮ!» የሚለውን ቀኑን ሙሉ ሲሰሙት ውለዋል። የጊዮርጊስ ወይም የቡና ደጋፊ ከሆናችሁ አትካዱ፤ ፌስቡካችሁ ላይ አለ። «በልጅነቴ ቡናን እየደገፍኩ ነው ያደግኩት። ሥራ ላይ ግን የምሠራበት ክለብ ነው ክለቤ። ዘንድሮ ሦስት ጨዋታችሁን አይቻለሁ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ…» ብላችሁ ወደ ሥራችሁ ጎትቱት። በእርግጥ ሦስት ጨዋታ ካያችሁ ነው እንዲህ የሚባለው።

«ደሞዝ ሁለት ወር ቢዘገይ ምን ታደርጊያለሽ?» ይህ የሚያሳፍር ጥያቄ ቢሆንም ይጠየቃል፤ በአገራችን ክለቦች የደሞዝ መዘግየት እንግዳ ነገር አይደለም። «ምንም አይደለም፣ ለፍቅር ነው የምሠራው» ካላችሁ የሚዘገየው የእናንተው ይሆናል። የተሻለው እንዲህ ነው፦ «ሥራዬን አላቆምም፤ ግን ቀኑ መቼ እንደሆነ በግልጽ እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ። የቤት ኪራይ አለብኝ።» አጭርና እውነት።

«ጎበዝ ተጫዋች ጓደኛህ ነው። ጉዳቱን ለአሰልጣኙ እንዳትነግርብኝ ቢልህስ?» እዚህ ላይ ታማኝነታችሁን ብቻ አይደለም የሚፈትኑት፤ ምስጢር አያያዛችሁንም ነው። ለአሰልጣኙና ለሐኪሙ ይነገራል፤ ለደጋፊ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለቤተሰብ አይነገርም። ሁለቱንም ግማሽ ተናገሩ።

«ደጋፊ ስልክህን አግኝቶ ቢሰድብህስ?» አብሽሩ፣ ይህ ቀላሉ ነው። አልመልስም፣ ማስፈራሪያ ካለበት ለክለቡ አሳውቃለሁ፤ አለቀ።

ስለ ሕግ ከጠየቋችሁ የቅርቡን እወቁ። በ2017 ክረምት መግቢያ ላይ ሥራ ላይ የዋለው የጨዋታ ሕግ በረኛ ኳስ በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ያሰጣል። የቢሮ ሥራ የሚያመለክት ሰው ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ካወቀ ግን ይወራለታል።

የማታውቁትን «አላውቅም፣ ግን እንዲህ አጣራለሁ» በሉ። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት፤ የተጋነነ ነገር ማምሻውን ፒያሳ ይደርሳል።

7. እናንተም ጠይቁ

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲባል «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መነሳት ቀሽም ነው። ሁለት ጥያቄ ያዙ። አንዱ የሥራ ይሁን፦ «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን ቢስተካከልላችሁ ደስ ይላችኋል?» ሁለተኛው የኑሮ፦ «ውድድሩ ሌላ ከተማ ሲሆን ይህ መደብ አብሮ ይጓዛል ወይስ ቢሮ ይቀራል?»

ደሞዝ ከተጠየቃችሁ ቁጥር ተናገሩ፤ «እንደ ክለቡ አሠራር» ማለት ጨዋነት ይመስላል እንጂ ድርድር መተው ነው። ያልተጣራውን ይሁን የተጣራውን እንደሆነ ለዩ። መደቡ በደረጃ የተቀመጠ ከሆነ ደሞዙ አይነቃነቅም፤ ያኔ የሚደራደሩት በአበልና በስልክ ካርድ ነው።

ስለ ዘመድ ቅጥር ሳይነሳ አይቀርም። «ቦታው ቀድሞ ተይዟል» የሚል ወሬ ሁልጊዜ አለ፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ቢሆንም ተወዳደሩ። ውጤት ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ነጥባችሁን እዩ፤ ካልተዋጠላችሁ በተሰጠው ቀን ውስጥ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ። «አሳልፍሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ግን አምስት ሳንቲም አትስጡ።

8. ካለፋችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት

ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። ክለቡ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚተዳደር ከሆነ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ክለብ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነውና የዕረፍት ቀናችሁ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። በሳምንት ዕረፍት ቀን የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ2 ተባዝቶ፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ጡረታ ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከቀጣሪው 11 በመቶ መቆረጡን አረጋግጡ። ውሉ የሚያበቃው በሰኔ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴን ምን እንደምትበሉ ከአሁኑ ጠይቁ፤ የክለብ ሠራተኛ ክረምት ላይ የሚያዝነው ይህን ሳይጠይቅ ስለፈረመ ነው።

ካላለፋችሁም ለሥራ አስኪያጁ አጭር የምስጋና መልእክት ላኩ፤ የክረምት የታዳጊዎች ውድድር ላይ በበጎ ፈቃድ ማገዝ እንደምትፈልጉም ጨምሩ። ዓመቱን ሙሉ ሰው ይለቃል፤ አብሯቸው የሠራን ሰው አስቀድመው ይደውሉለታል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ንብረት የምትረከቡ ከሆነ ዝርዝሩን ይዛችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ማሊያው ስንት፣ ኮኑ ስንት፣ የተነፋው ኳስ ስንት፣ የተነፈሰው ስንት። የጎደለውን «ጎድሏል» ብላችሁ ቅጹ ላይ ጻፉና ከዚያ በኋላ ፈርሙ።